ቤት የሚያመርት ፋብሪካ ከመግዛታችን በፊት

«በቀን ይህን ያህል ቤት የሚያመርት ፋብሪካ» የሚል ዜና ስልኬ ላይ ሲመጣ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነው። ቀጥዬ ኮሜንቶቹን እከፍታለሁ። አንዱ «እስኪ እናያለን» ይላል፤ ሌላዋ «እጣው መቼ ነው የሚወጣው?» ትላለች፤ ሦስተኛው ሳቅ ብቻ ልኮ ያልፋል። ሦስቱንም እረዳቸዋለሁ። እኔን የሚከነክነኝን ጥያቄ ግን የሚጠይቅ ብዙም አላይም፦ ይሄ «በቀን» የተባለው ቁጥር ከየት መጣ?

አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማባዛት ነው። ማሽኑ አንድ ግድግዳ በ20 ደቂቃ ይጨርሳል፤ የሥራው ቀን ስምንት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በቀን 24 ግድግዳ። አንድ ቤት ስምንት ግድግዳ ካለው በቀን ሦስት ቤት። በዓመት 300 የሥራ ቀን ካለ 900 ቤት። ካልኩሌተሩ አልተሳሳተም። ችግሩ እንዲህ የሚሠራ ፋብሪካ የትም ሀገር አለመኖሩ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ሲሚንቶ ይዘገያል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልቅሶ ይሄዳል፣ አንዱ ቤት አንድ መታጠቢያ ቤት ሲኖረው ቀጣዩ ሁለት ይኖረዋል። ማባዛት እነዚህን አያውቅም።

እነዚህን ቆጥሮ የሚያስብ ሌላ መሣሪያ ግን አለ፤ ዕድሜውም ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል። ሲሙሌሽን ይባላል። ፋብሪካውን መሬት ላይ ከመትከል በፊት ኮምፒውተር ውስጥ ተክሎ ማስኬድ ማለት ነው።

ዛሬ ስለዚህ ነገር የማወራችሁ ቴክኖሎጂው ስለሚያምር አይደለም። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የቤት ምዝገባ የተመዘገበው ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ያኔ ባንክ ቤት ተሰልፈው ቁጠባ ከጀመሩት ሰዎች የብዙዎቹ ልጆች ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካቸው የሚያነቡት ናቸው። በተሳሳተ ቁጥር ላይ የቆመ ፋብሪካ የሚበላው የእነዚህን ቤተሰቦች ብርና ዓመታት ነው።

በቀን 100 ቤት የታሰበበት ፋብሪካ

ነገሩን ከአሜሪካ እንጀምረው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር ቤት አጣ። ካርል ስትራንድለንድ የሚባል የፈጠራ ሰው መፍትሔ ይዞ መጣ፦ ግድግዳውም ጣሪያውም ኢናሜል በተቀባ ብረት የሚሠራ፣ ከፋብሪካ ተቆርጦ የሚወጣና ቦታው ላይ የሚገጣጠም ቤት። ኢናሜል ስላችሁ እናቶቻችን ዘንድ ያለውን የብረት ትሪና ሳህን አስቡት፤ ያው ነው። ኩባንያው ሉስትሮን ይባላል። በኦሃዮ ግዛት ኮለምበስ ከተማ የአውሮፕላን ማምረቻ የነበረ ትልቅ ፋብሪካ ተሰጠው፤ ከመንግሥትም ከ37 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብድር ወሰደ። ዕቅዱ በቀን 100 ቤት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራው ሲቆም የተመረተው ቤት በጠቅላላ 2,500 ገደማ ነበር። በዕቅዱ ቢሄድ ኖሮ የ25 ቀን ሥራ ማለት ነው። ቤቶቹ ራሳቸው ጥሩ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው አሉ። ፋብሪካው ግን የታሰበውን ፍጥነት አልደረሰበትም፤ ዋጋው እየጨመረ ሄደ፤ የሽያጭና የማከፋፈያ መስመሩም አልተዘረጋም፤ በመጨረሻ ብድሩ ተጠየቀ።

ስትራንድለንድ ሐሳቡን የሚፈትንበት ኮምፒውተር አልነበረውም። ወደ ኋላ ዘመን ስንመጣ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። ካቴራ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ተቋቁሞ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሰብስቦ በ2021 ኪሳራ አወጀ። የእንግሊዙ ሊጋል ኤንድ ጀነራል ሊድስ አቅራቢያ የከፈተውን ግዙፍ የቤት ፋብሪካ በ2023 አዲስ ምርት አስቆመው። የእነዚህን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ሲሙሌሽን የትኛውን ችግር እንደሚፈታና የትኛውን እንደማይፈታ የሚያሳዩት እነሱ ናቸውና።

ሥራው ያልተሳካለት ብቻ እንዳለ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። የጃፓኑ ሴኪሱይ ሃይም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በብረት ማዕቀፍ የተሠሩ ሳጥን መሰል ክፍሎችን ፋብሪካ ውስጥ እያመረተ፣ በክሬን እየደረደረ ቤት ያደርጋል፤ ዛሬም እየሠራ ነው። መኪና አምራቹ ቶዮታም ቤት በፋብሪካ ወደ ማምረት ገብቷል። ስለዚህ «ቤት ከፋብሪካ ሊወጣ ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተመልሷል። የቀረው ጥያቄ «በምን ያህል ፍጥነት? በስንት ሠራተኛ? በስንት ካሬ?» የሚለው ነው።

የሉዶ ዳይስ ይዛችሁ ኑ

አንድ የኢንዱስትሪ ምሕንድስና የተማረ ጓደኛዬ ነገሩን ያስረዳኝ በሉዶ ዳይስ ነው። እናንተም ስልካችሁ ላይ ባለው ዳይስ መሞከር ትችላላችሁ።

«አምስት ጣቢያ ያለው የቤት ፋብሪካ አስብ» አለኝ። አንዱ ወለል ይሠራል፣ አንዱ ግድግዳ ያቆማል፣ አንዱ ጣሪያ ይከድናል፣ አንዱ መብራትና ቧንቧ ያስገባል፣ አንዱ ቀለም ይቀባል። እያንዳንዱ ጣቢያ በየቀኑ ዳይስ ይጥላል፤ የወጣለት ቁጥር የዚያን ቀን አቅሙ ነው። ጥሩ ቀን ስድስት፣ መጥፎ ቀን አንድ። «የአንዱ ጣቢያ አማካይ ስንት ነው?»

«3.5» አልኩት።

«አምስቱም አማካያቸው 3.5 ከሆነ ፋብሪካው በቀን በአማካይ ስንት ቤት ያወጣል?»

አንደበቴ ላይ የመጣው 3.5 ነበር፤ ሳልናገር ግን ዳይሱን ጣልነው። ሁኔታው እንዲህ ነው፦ በጣቢያዎቹ መካከል ያላለቀ ቤት ማስቀመጫ ቦታ የለም፤ ስለዚህ የዕለቱ ምርት የሚወሰነው ዝቅተኛ ቁጥር በወጣለት ጣቢያ ነው። አራቱ ስድስት ወጥቶላቸው አንዱ ሁለት ከወጣለት ሁለት ቤት ብቻ ያልፋል። አራቱ የቀረ አቅማቸውን ለነገ ሊያሳድሩት አይችሉም።

ሒሳቡ ልብ ይነካል። ሁለት ጣቢያ ብቻ ካለ አማካዩ ከ3.5 ወደ 2.5 ገደማ ይወርዳል። ሦስት ካለ ወደ 2 ገደማ። አምስት ካለ 1.57 ነው። ወረቀት ላይ 3.5 የሚያመርት ፋብሪካ መሬት ላይ ግማሹን እንኳ አያመርትም ማለት ነው። ማንም ሰነፍ አልሆነም፣ ማሽን አልተሰበረም፣ ማንም አልሰረቀም። መዋዠቁ ብቻ ነው የበላው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ውስጥ በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ምን የሚባል ይመስላችኋል? «ሠራተኛው የሥራ ተነሳሽነት የለውም።» ፎርማኑ ይቆጣል፣ ደመወዝ ይቆረጣል፣ የሚቀጥለው ወር ምርት ግን ያው ነው። ሲሙሌሽን ከሚያስቀራቸው ነገሮች አንዱ ይህ በሰው ላይ የሚወድቅ ያለቦታው ጥፋት ነው።

መፍትሔው በጣቢያዎቹ መካከል ቦታ መተው ነው፤ ግድግዳ የሚያቆመው ቡድን ጥሩ ቀን ሲገጥመው የተረፈውን ያስቀምጥና በመጥፎ ቀኑ ቀጣዩ ጣቢያ ከዚያ ይወስዳል። ጫማ ፋብሪካ ቢሆን ካርቶን መደርደር ነበር። ያላለቀ ቤት ግን አንድ ክፍል ያክላል፤ ሦስቱን ለማስቀመጥ ተጨማሪ አዳራሽ፣ ተጨማሪ ጣሪያ፣ ተጨማሪ ክሬን ያስፈልጋል። ስንት ቦታ ይበቃል? አንድ? አራት? የትኛው ጣቢያ አጠገብ? ወይስ ቦታውን ትቶ ሁለት ሦስት ሙያ የሚችሉ፣ ወደተጨናነቀው ጣቢያ የሚሮጡ ሠራተኞችን መቅጠር ይሻላል? ይሄን በግምት የሚመልስ ሰው አላምነውም። ኮምፒውተሩ የሚጠራው እዚህ ጋ ነው።

ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል?

መገናኛ ቆማችሁ የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ሰው ይመጣና ይሰለፋል፤ ታክሲ ይመጣል፤ ይሞላል፤ ይሄዳል። ሰልፉን ለመረዳት እያንዳንዷን ሰከንድ ማየት አያስፈልግም፤ የሆነ ነገር የተለወጠባቸውን ቅጽበቶች ብቻ መዝግቦ መያዝ ይበቃል። ኮምፒውተሩም እንደዚያው ነው የሚሠራው። «8፡12 ላይ ግድግዳ አለቀ፣ 8፡15 ላይ ክሬኑ ነፃ ሆነ፣ 8፡40 ላይ መብራት ጠፋ» እያለ ሰዓቱን ከክስተት ወደ ክስተት ያዘልለዋል። የፋብሪካ አንድ ዓመት በሰከንዶች ያልፋል። ከዚያ እንደገና ሌላ ዓመት፤ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ።

ለመቶ ጊዜው ምክንያት አለው። አንድ ጊዜ ብቻ ብታስኬዱት ዕድለኛ ዓመት ሊገጥማችሁ ይችላል። መቶ ጊዜ ስታስኬዱት ግን «በአማካይ 410 ቤት፣ መጥፎ ዓመት ከሆነ 340» ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው)። የባንክ ብድር የሚከፈለው በመጥፎውም ዓመት ስለሆነ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈልጋል።

ኮድ ለምትጽፉ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ክላስ፣ ኦብጀክት እያላችሁ የምትማሩት የፕሮግራም አጻጻፍ የተወለደው ከዚሁ ሥራ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጋርድ የተባሉ ኖርዌያውያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ የፈጠሩት እንዲህ ያሉ ሲሙሌሽኖችን ለመጻፍ ነበር። በ2001 የቱሪንግ ሽልማት ተሸለሙበት። በግንባታው ዘርፍ ደግሞ ዳንኤል ሃልፒን በ1970ዎቹ ሳይክሎን የተባለውን ዘዴ ሠራ። ለቤት ፋብሪካ ለብቻው የተዘጋጀ ሲሙሌተር ላይ የሠሩት እነ ማይክል ሙለንስ ናቸው፤ በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ።

የቤት ፋብሪካ ለብቻው መታየቱ ለምን አስፈለገ? ምርቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። መኪና ፋብሪካ ውስጥ በሩ ሁልጊዜ ያው በር ነው። ቤት ላይ ግን መኝታ ቤት ብቻ የያዘው ክፍል በኤሌክትሪክ ጣቢያው በቶሎ ያልፋል፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ የያዘው ግን ቧንቧው፣ ሴራሚኩ፣ ሽቦው ተደራርቦ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ጂፕሰሙና ስቱኮው ደግሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ሠራተኛ ብትጨምሩ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ማነቆው ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዛሬ ቧንቧው ጋ፣ ነገ ቀለሙ ጋ ይዞራል። ሁለት ወጥ ቤት ያላቸው ክፍሎች ተከታትለው እንዳይመጡ ቅደም ተከተሉን መቀየር ብቻ፣ አንድ ብር ሳይወጣ፣ ወረፋውን ሊያቀለው ይችላል።

ሌላው አለቆችን የሚያስደነግጠው ነገር ሠራተኛን ወይም ማሽንን መቶ በመቶ ሥራ ላይ ለማድረግ መሞከር ነው። የወረፋ ሒሳብ ውስጥ በጣም የታወቀ ቀላል ሞዴል አለ፤ የሥራው አመጣጥም የሚወስደው ጊዜም የሚዋዥቅበት። አንድ ጣቢያ ከጊዜው ግማሹን ብቻ ሥራ ከያዘ፣ አንድ ቤት ተራ የሚጠብቀው በአማካይ የአንድ ሥራ ጊዜ ያህል ነው። 80 በመቶ ከተያዘ አራት እጥፍ። 90 ከሆነ ዘጠኝ እጥፍ። 95 ከሆነ 19 እጥፍ። ከ90 ወደ 95 ስትጨምሩ ትንሽ የጨመራችሁ ይመስላችኋል፤ ወረፋው ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በዚያው ሞዴል ሥራው የሚወስደውን ጊዜ ወጥ ማድረግ ከቻላችሁ ደግሞ ወረፋው በግማሽ ይቀንሳል። «ፍጠኑ» ከማለት ይልቅ «ሁልጊዜ እኩል ጊዜ ይውሰድባችሁ» ማለት የበለጠ ቤት ያስወጣል።

እኛ ጋ ሲመጣ

«ይሄ ለጃፓን ነው፤ እኛ ጋ የሰው ጉልበት ርካሽ ነው፤ ለምን ፋብሪካ?» የምትሉኝ አላችሁ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ግን ቤትን ከፊሉን ሌላ ቦታ አምርቶ ማምጣት ለኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ተገጣጣሚ የሕንፃ አካላት የሚያመርት ድርጅት ነበረ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራምም ወለሉን የሚሸከሙት ፕሪካስት ቢሞችና መሐል የሚገቡት ብሎኬቶች ቀድመው ተመርተው ነው የሚገጠሙት፤ አብዛኞቹን ያመርቱ የነበሩት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ክፍል መለያው ላይ አግሮስቶን የተባለው ፓነል ሥራ ላይ ውሏል። ሲሙሌሽን ደግሞ የሚሊዮን ዶላር ፋብሪካ ብቻ አይጠይቅም፤ ቢም የሚያወጣ ማኅበር ግቢ ውስጥም ይሠራል።

ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት እኔው ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንድ ማኅበር በቀን 200 ቢም ይሞላል። ቢሙ ውሃ እየጠጣ ሰባት ቀን ግቢ ውስጥ መቆየት አለበት። ግቢው ስንት ቢም ሊይዝ ይገባል? 200 ሲባዛ በሰባት፣ 1,400። ይህ የሊትል ሕግ ይባላል፤ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በማረጋገጫ ያቀረበው። ማኅበሩ 1,500 የሚይዝ ግቢ ተከራየ፤ መቶ ትርፍ አለው፤ ሁሉም ደኅና።

አሁን ቢሙን የሚወስደው መኪና ለሦስት ቀን ቀረ እንበል። ነዳጅ ይሁን ብልሽት፣ ብቻ ቀረ። በግማሽ ቀን ውስጥ ግቢው ይሞላል። ሙሌቱ ለሁለት ቀን ተኩል ይቆማል፤ ወጣቶቹ ቁጭ ይላሉ። በአራተኛው ቀን መኪናው መጣ፤ የደረሱት 600 ቢሞች ተጫኑ፤ ሁሉም «ተፈታ» ብሎ እፎይ አለ። ከሰባት ቀን በኋላ ግን ሳይት ላይ ቢም የለም። ያኔ ሊደርሱ የነበሩት 500 ቢሞች አልተሞሉማ! የሕንፃው ተቋራጭ ደውሎ ይቆጣል፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ «ሰሞኑን እኮ በሙሉ አቅማችን እየሠራን ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ችግሩ ያለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ ነው፤ ማንም አያስታውሰውም።

ይህን በጭንቅላት መከታተል የሚቻለው አንድ መኪናና አንድ ግቢ ሲሆን ብቻ ነው። ስድስት ግቢ፣ አራት ሳይት፣ የሚጠፋ መብራትና የሚዘገይ ሲሚንቶ ሲጨመርበት ሞዴል ያስፈልጋል። ሞዴሉ ደግሞ በጥያቄ መልክ ያግዛል፦ ለ300 ቢም የሚሆን ተጨማሪ ቦታ ብንከራይ? ሁለተኛ መኪና ቢኖረን? ሙሌቱን ወደ ሌሊት ብናዞረው? አንዱ አማራጭ ሌላውን ሊበልጠው ይችላል፤ ብር ሳይወጣ ማወቅ ይሻላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ስልካችሁ ውስጥ ባለው የሰዓት መቁጠሪያ የሚሰበሰብ ነው። ሥራው መቼ ተጀመረ፣ መቼ አለቀ፣ መብራት መቼ ጠፋ፣ መቼ መጣ። ለአንድ ወር ሳይዘለል ቢመዘገብ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ሶፍትዌሩም ውድ መሆን የለበትም፤ በፓይተን የሚሠራው ሲምፓይና ጃምሲም የተባለው ፕሮግራም ነፃ ናቸው። ሲምፓይን ጉግል ኮላብ ላይ በስልክ ብሮውዘር ማስኬድ ይቻላል። ስክሪኑ ይጠባል እንጂ ይሠራል።

አንድ ሕግ ግን አለ። ሞዴሉ ስለወደፊቱ ከመናገሩ በፊት ያለፈውን በትክክል ይናገር። ያለፈው ወር የተመዘገበው መረጃ ሲገባለት ያለፈውን ወር ምርት በተቀራራቢ ካላወጣ፣ ስለሚቀጥለው ዓመት የሚለውን አትስሙት። ከአለቃ አፍ የተለቀመ «ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል» ካስገባችሁበት፣ የሚያወጣላችሁም ያንኑ ግምት ነው፤ በሚያምር ግራፍ ተጠቅልሎ።

የማይመልሰው ጥያቄ

ወደ ካቴራና ወደ ሊጋል ኤንድ ጀነራል ልመለስ። የእንግሊዙ ኩባንያ ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ የግንባታ ፈቃድ መዘግየት ነበር፤ ፋብሪካው ዝግጁ ሆኖ ቤቱ የሚያርፍበት መሬት ዝግጁ ካልሆነ መስመሩ ይቆማል። ካቴራም የወደቀው በአንድ ማሽን ብልሽት አይደለም፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ለመያዝ ሞክሮ ወጪው አመለጠው። የፋብሪካውን ወለል ብቻ የሚያሳይ ሲሙሌሽን እነዚህን አያይም። ገዢ ይኑር አይኑር፣ ብድሩ ይለቀቅ አይለቀቅ አይነግራችሁም።

ይህ ለኛ ቅርብ ነው። ሕንፃው ቆሞ ውሃ፣ ፍሳሽና መንገድ ሳይገባለት የቆየ ኮንዶሚኒየም አይታችኋል። በቀን አሥር ቤት የሚያወጣ ፋብሪካ ብንተክልና የውሃ መስመሩ በወር ለሃያ ቤት ብቻ የሚደርስ ቢሆን፣ ያገኘነው ቤት አይደለም፤ ሜዳ ላይ የተደረደረ የብድር ወለድ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ፋብሪካው በር ላይ መቆም የለበትም፤ መኪናውን፣ መንገዱን፣ ክሬኑን፣ መሠረቱን፣ የውሃ ቆጣሪውን ይዞ ቁልፍ እስከሚረከበው ሰው ድረስ መሄድ አለበት።

የኔ አቋም እንግዲህ ይሄ ነው፦ የቤት ፋብሪካ አያስፈልገንም አልልም፤ የውጭ ምንዛሪ ከመክፈላችን በፊት ግን ፋብሪካው ኮምፒውተር ውስጥ ቢያንስ አንድ መጥፎ ዓመት ይለፍ። ሥራው የኛው ዩኒቨርሲቲዎች የኢንዱስትሪ ምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሊይዙት የሚችሉት ነው፤ የሞዴሉም ውጤት ለሕዝብ ይውጣ፤ ቁጠባው የሕዝብ ነውና።

እስከዚያው በሚቀጥለው ጊዜ «በቀን ይህን ያህል ቤት» የሚል ዜና ሲመጣ ኮሜንት ላይ ከሳቁ ጋር እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጨምሩልኝ። አንድ፦ ቁጥሩ በማባዛት የተገኘ ነው ወይስ መዋዠቁ ተቆጥሮበት? ሁለት፦ መጥፎ በሆነው ዓመት ስንት ይሆናል? ሦስት፦ ከፋብሪካው ወጥቶ ቁልፍ እስኪሰጥ ድረስ ቤቱ የት ቦታ፣ ስንት ቀን ይቆማል?

የዳይሱን ሙከራ የሞከራችሁ ውጤታችሁን ላኩልኝ። በአምስት ዳይስ ሃያ ቀን አስኪዱት፤ በየቀኑ ዝቅተኛውን ቁጥር ጻፉ፤ ደምሩና ለሃያ አካፍሉ። ቸር ሰንብቱ።